ዝናቡ ስንት ሳይሆን መቼ፦ «ወሎ ዝናብ አላጣም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ወሎ ዝናብ አላጣም» በሚል ርእስ የወጣ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። የጽሑፉ መንፈስ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በወሎ የጣለው የክረምት ዝናብ ሲደመር ከረጅም ጊዜ አማካዩ ብዙም አልራቀም፤ ስለዚህ ገበሬውን ያደኸየው ሰማዩ ሳይሆን አሮጌ ዘርን የሙጥኝ ማለቱ፣ ማዳበሪያን በወጉ አለመጠቀሙና እጁን ለእርዳታ መዘርጋት መልመዱ ነው፤ እህል እንዲህ በተወደደበት ዘመን አምራች የሆነ ሰው ሊያተርፍ እንጂ ሊከስር አይገባም፤ «ዱዓ ከመቀመጥ» በራያ ቆላ የተኛውን የከርሰ ምድር ውሃ ቢጠቀምበት ደግሞ ክረምትን ደጅ መጥናት ይቀርለታል። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በጨዋ አንደበት አስፍረዋል፤ ገበሬውንም ለማዋረድ ብለው የጻፉ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ መነሻ ያደረጉት የዝናብ ድምር ራሱ ስለሚያሳስት፣ በላዩ የተደረደሩት ክሶችም አብረውት ተንጋደዋል።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አባቴ ዛሬም ሞፈር አልሰቀለም። በግብርና ሙያ ሰልጥኜ በመጀመሪያ በራያ ቆቦ ቆላ፣ ኋላም በደላንታ ደጋ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ጸሐፊው ከሚሉት አብዛኛውን እኔም በዛፍ ጥላ ሥር ገበሬ ሰብስቤ ብዬዋለሁና፣ ይህ ምላሽ በከፊል ለራሴ የቀድሞ ስብከት የተሰጠ ነው ቢባል አልቃወምም።

ከዝናቡ ልጀምር። «የክረምቱ ድምር መደበኛ ነበር» የሚለው አባባል በመዝገብ ደረጃ እውነት ሊሆን ይችላል። ቆቦና አካባቢው በዓመት በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ከዚህም ትልቁ እጅ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሰብል ግን ድምር አይጠጣም። በዚያ ሙቀት በደንብ የያዘ ማሽላ በቀን ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ውሃ ከአፈሩ ይስባል፤ እንግዲህ አፈሩ ውስጥ 60 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢጠራቀምለት ከ10 እስከ 15 ቀን ያህል ያቆየዋል ማለት ነው። ያው 60 ሚሊ ሜትር በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በነጎድጓድና በበረዶ ታጅቦ፣ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ ግን አብዛኛው አፈሩን አጥቦ ወደ ሆርማት ወይም ወደ ጎሊና ወንዝ ይገባል። የዝናብ መለኪያው 60 ብሎ ይመዘግባል፤ ማሳው ያገኘው ምናልባት ግማሹን፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰውን ነው። ቀጥሎ ማሽላው ፍሬ ሊይዝ ሲል ሦስት ሳምንት ጠብታ ሳይወርድ ቢቀር፣ በጳጉሜን የሚመጣ አንድ ዶፍ ድምሩን ወደ «መደበኛ» ይመልሰዋል እንጂ ፍሬውን አይመልሰውም።

በአንድ የሐምሌ መጀመሪያ ከአባቴ ጋር ማሳ ላይ የነበርኩበትን ጠዋት አልረሳውም። ሌሊቱን ጥሩ ዘንቦ አድሯል፤ እኔ በተማርኩት መሠረት «ይዘራ» ባይ ነበርኩ። አባቴ በጅራፉ እጀታ ትልሙን ገፋ ገፋ አደረገና እጁን ሰዶ አንድ እፍኝ አፈር አወጣ። ጨበጠው፤ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ቀረ። ከዚያው ጉድጓድ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ሌላ እፍኝ አወጣ፤ ይኸኛው በጣቶቹ መሃል እንደ ዱቄት ፈሰሰ። «ላዩን አርሶታል እንጂ ከታችኛው እርጥበት ጋር አልተገናኘም። አሁን ብዘራው ይበቅልና ፀሐይ ይመታዋል» አለኝ። ጎረቤታችን ያን ዕለት ዘራ፤ አባቴ ስምንት ቀን ጠበቀ። በዚያ ዓመት የተሳካለት አባቴ ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን እንዲሁ ጠብቆ ጠብቆ ከዘራ በኋላ ዝናቡ በነሐሴ ማብቂያ ተቋረጠና ጤፉ አበባ ላይ ቀረ፤ በዚያኛው ዓመት የተሳካለት ጎረቤታችን ሆነ። ሁለቱም ክረምቶች በድምር ሲታዩ ድርቅ የሚያሰኙ አልነበሩም። ሁለቱም ገበሬዎች ብልሆች ነበሩ። ልዩነቱን የፈጠረው ስምንት ቀን ነው።

ጸሐፊው ገበሬው የአየር ትንበያን ንቆ እንደተወው አድርገው ማቅረባቸውም ከዚሁ አለመረዳት የመጣ ይመስለኛል። በግንቦት መጨረሻ ገደማ የሚነገረው የክረምት ትንበያ ዝናቡን «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ ለሰፊ አካባቢ ዕድሉን በመቶኛ ያስቀምጣል። ለመንግሥት ዕቅድና ለእርዳታ ዝግጅት እጅግ ጠቃሚ ነው። ሁለት ጥማድ መሬት ላለው ሰው ግን ጥያቄው በየትኛው ሳምንት ይገባል፣ በየትኛው ሳምንት ይወጣል የሚለው ነው፤ ለዚህ ጥያቄ የወቅቱ ትንበያ መልስ አይሰጥም።

ከሁሉም የከፋው የጽሑፉ ግድፈት ግን በልግን ፈጽሞ መዘንጋቱ ነው። ጸሐፊው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ብቻ ደምረው ስለ ወሎ ዓመት ፈረዱ። በአገር አቀፍ ደረጃ በልግ ከዓመቱ የእህል ምርት የሚይዘው ድርሻ ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ ሲታይ ትንሽ ነገር መምሰሉ አይገርምም። በደሴ ዙሪያ፣ በለጋምቦ፣ በደላንታና በግዳን ደጋዎች ግን ከየካቲት እስከ ግንቦት በሚጥለው ዝናብ የሚበቅለው ገብስ በሰኔና በሐምሌ ታጭዶ ቤተሰቡን ክረምቱን የሚያሻግር ቀለብ ነው። የበልግ ዝናብ ዘግይቶ ከመጣ ገብሱም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ማሳው በጊዜ ስለማይለቀቅ የመኸሩ ዘር ይዘገያል፤ የዘገየው ዘር ደግሞ ገና ሳይጠና በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ውርጭ ያገኘዋል። ደላንታ ሳለሁ አንድ ሌሊት ውርጭ ያረፈበትን የባቄላ ማሳ በማለዳ አይቻለሁ፤ ቅጠሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተንጠልጥሎ ነበር። በሪፖርታችን ላይ «የውርጭ ጉዳት» ብለን ሞላነው። ትክክለኛው አሞላል «የመጋቢት ዝናብ መዘግየት» የሚለው ነበር፤ በቅጹ ላይ ግን ለእሱ የሚሆን ሳጥን አልነበረም።

በቆላው በኩል ደግሞ በልግ የማሽላ ዘር ነው። ደገሌትና ጅጉርቲ የሚባሉት የአካባቢው ማሽላዎች በሚያዝያና በግንቦት እርጥበት ተዘርተው፣ በክረምቱ ተሸልሽለው፣ በኅዳር የሚታጨዱ፣ ስድስትና ሰባት ወር መሬት ላይ የሚቆዩ ናቸው። በልጉ ጭራሽ ካልመጣ ክረምቱ የቱንም ያህል ቢዘንብ እነዚህ ዘሮች አይደርሱም፤ ገበሬው ወደ ጤፍ፣ ወደ ማሾ ወይም ወደ ፈጣን ማሽላ ይዞራል። በልጉ ብቅ ብሎ ከጠፋ የተዘራው በቅሎ ይደርቃል፤ እንደገና ይዘራል፤ አንዳንዴም ለሦስተኛ ጊዜ። ለሦስተኛው ዘር የሚሆነው እህል ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከሚበላው ተቀንሶ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጸሐፊው መቁጠር ከጀመሩበት ከሰኔ 1 በፊት ነው። በ1965 ወሎን ያንበረከከው ረሃብም ቢሆን በቀደመው ክረምት መጉደል ላይ የዚያ ዓመት በልግ መጥፋት ተደርቦበት የመጣ እንጂ የአንድ ክረምት ብቻ ውጤት አልነበረም። (በጃማና በወረኢሉ ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ችግሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ እዚያ «መደበኛ» የሚባለው የነሐሴ ዝናብ ራሱ፣ ውሃው ካልተጠነፈፈለት፣ ስንዴውን ቢጫ አድርጎ ያስቀረዋል። ወሎን በአንድ ቁጥር መግለጽ እንዲህ ያስቸግራል።)

«አሮጌ ዘር» ወደተባለው ልለፍ። ፈጣን ዘር አያስፈልግም የሚል ሰው የለም። እኔ ራሴ «መኮ» የተባለውን ፈጣን ማሽላና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋመውን «ጎብዬ»ን በትከሻዬ ተሸክሜ ያከፋፈልኩ ሰው ነኝ፤ ዝናብ ሲዘገይ ነፍስ አድን ናቸው። ሆኖም ገበሬው ረጅሙን ማሽላ የማይተወው «ከአባቱ የወረሰው ስለሆነ ብቻ» እንደሆነ መጻፍ፣ ማሽላን ፍሬው ብቻ አድርጎ ማየት ነው። የደገሌት አገዳ ከሰው ቁመት እጅግ ያልፋል፤ በበጋ የበሬ መኖ፣ የምድጃ ማገዶ፣ የጎጆና የአጥር መሥሪያ ይሆናል። አጭሩ ማሽላ ፍሬውን ሰጥቶ አገዳውን ሲነሳ፣ ገበሬው በየካቲት መኖ ሊሸምት ነው ማለት ነው። ወፍም አለ። ፈጣኑ ዘር ከሌላው ቀድሞ ብቻውን ሲያሸት የአገሩ ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት የሚውል ልጅ ይፈልጋል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ፈጣን ዘር ከዘራ የሚያበላው ወፍን ነው፤ ለዚህም ነው «ጎረቤቶቼ ከዘሩ እዘራለሁ» የሚለው መልስ እንደ ግትርነት ሊቆጠር የማይገባው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው የራሴ ጥፋት ስላለበት ለመናገር ይከብደኛል። አንድ ዓመት በልጉ ጠፍቶ ፈጣን ዘር እንዲላክልን በግንቦት ጠየቅን። ዘሩ የደረሰን ሐምሌ 21 ቀን፣ ገበሬው ያገኘውን ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከጆንያዎቹ አብዛኞቹ ሳይከፈቱ መጋዘን ውስጥ ቀሩ። የዓመቱ ሪፖርት «የአርሶ አደሩ የተሻሻለ ዘር የመቀበል ፍላጎት ዝቅተኛ ነው» ይል ነበር። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊው ስለ ገበሬው ግትርነት የደረሱበት ድምዳሜ እንዲህ ካሉ ወረቀቶች የተቀዳ ከሆነ፣ ከፊል ተጠያቂው እኔም ነኝ። ለነገሩ ከእነዚያ «አሮጌ» ዘሮች መካከል ገበሬው «ወተት በጉንጬ» እያለ እሸቱን ጠብሶ የሚበላው ማሽላ ይገኝበታል፤ በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከተለመደው ማሽላ እጅግ ከፍ ብሎ ያገኙት ከወሎ በተሰበሰቡ እንዲህ ባሉ ዝርያዎች ውስጥ ነው።

ከማዳበሪያውና ከዕዳው ጋር የተያያዘው ክስ ላይ ግን ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የወሎ ገበሬ ኪሳራ የሚፈጠረው እዚህ ነውና። ጸሐፊው ማዳበሪያ እየቀረበ፣ ብድርም እየተመቻቸ ገበሬው የሚጠቀመው ከምክሩ በታች ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ከምክሩ በታች ነው። ነገር ግን ገንዘብ የሚወጣበትንና የሚገባበትን ወር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ምክንያቱ ይታያቸው ነበር። ሰኔ ላይ ጎተራው ባዶ ነው። በዚያው ሰኔ ማዳበሪያ በእጅ ይከፈላል ወይም በዕዳ ይወሰዳል፤ ዘር ይገዛል፤ በሬ የሌለው ወይ በሬ ይከራያል ወይ መሬቱን የእኩል ይሰጣል፤ የክረምት ቀለብ ይሸመታል። በሐምሌና በነሐሴ ጉልበት ይወጣል እንጂ አንዲት ሳንቲም አትገባም። መስከረም የበዓልና የደብተር ወር ነው። ብር የሚታየው በታኅሣሥና በጥር ሲሆን፣ ያኔ ደግሞ አበዳሪውም፣ የመሬት ግብሩም፣ የቅሬው መዋጮም (ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው)፣ የዘመድ ሠርግም አብረው በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ የዓመቱ ወጪ የሚወሰነው ስለ ዝናቡ ምንም በማይታወቅበት ወር ነው፤ ገቢው የሚገኘው ደግሞ ሁሉም ሰው ሻጭ በሚሆንበት ወር ነው።

ማዳበሪያ ዝናብ ሲያገኝ ምርት ይጨምራል፤ ዝናብ ሲያጣ የሚተርፈው ዕዳው ብቻ ነው። እኛ ግን «በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ» እያልን ለደጋውም ለቆላውም አንድ ዓይነት ምክር ስንሰጥ ኖረናል። ራያ ቆቦ ሳለሁ ባለቤታቸው ሞተው አራት ልጅ የሚያሳድጉ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ የሰኔ መጨረሻ ማዳበሪያ እንዲወስዱ ልገፋፋቸው ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ፤ ሁለተኛውን እየቀዱ «የኔ ልጅ፣ ለብሩስ ጎረቤቶቼ ዋስ ሆነውኛል፤ ለዝናቡ ዋስ የሚሆነኝ ማነው? አንተ ነህ?» አሉኝ። የምመልሰው ነገር አልነበረኝም፤ ሳቅሁ። ወሰዱ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ነሐሴ 20 ገደማ ቆመ። በጥር ዕዳውን የከፈሉት ሁለት ፍየልና አንዲት ጊደር ሸጠው ነው። ጊደሯ ስትወልድ ነበር በሬ ሊኖራቸው የሚችለው፤ ከዚያ ወዲህ መሬታቸውን የእኩል እንደሰጡ ናቸው፤ ማለትም ከዚያች ነሐሴ ጀምሮ በየዓመቱ ከራሳቸው ማሳ ግማሹን ምርት ለሌላ ይሰጣሉ። ብድሩ በቡድን ዋስትና ስለሆነ እሳቸው ባይከፍሉ ኖሮ የሚጠየቁት አብረዋቸው የተዋዋሱት ጎረቤቶች ነበሩ፤ እነሱም ማሳቸው የደረቀው በዚያው ሳምንት ነው። በዚህ ላይ ከ2014 ጀምሮ በዓለም ገበያ የማዳበሪያ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ ያው አንድ ኩንታል ማዳበሪያ የሚጠይቀው የፍየል ቁጥር ጨመረ።

ጥሪት አንድ ጊዜ ከወጣ በአንድ ጥሩ ክረምት አይመለስም። በ2007 ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ከድቶ በ2008 በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ፤ ምሥራቃዊው ወሎ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በ2013 ጥቅምት ማሽላውና ጤፉ ሊታጨድ ሲል የበረሃ አንበጣ ወረደበት። በ2013 ክረምት የተዘራው ደግሞ በ2014 መኸር በጦርነት መሃል ደረሰ፤ ብዙው ሳይሰበሰብ ቀረ። በእነዚህ ስምንት ዓመታት መካከል ጥሩ ክረምቶች መኖራቸውን ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል። የጥሩዎቹ ክረምቶች ምርት የት ገባ ለሚለው ጥያቄያቸው መልሱ፣ የመጥፎዎቹን ዕዳ ከፈለበት የሚል ነው።

«እህል ተወዷል፤ ስለዚህ ገበሬው ያተርፋል» የሚለው ነጥብ ብዙ የከተማ ሰው የሚያምነው ስለሆነ በደንብ መመለስ አለበት። ከሚበላው ተርፎት የሚሸጥ ገበሬ በእርግጥ ያተርፋል። ብዙው የወሎ ገበሬ ግን ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር በሚሆን ማሳ ላይ የሚኖር፣ በጥር ሻጭ በነሐሴ ሸማች የሆነ ሰው ነው። የቤታችንን ሒሳብ በደብተር የምይዘው እኔ ስለነበርኩ አስታውሰዋለሁ፤ አባቴ በጥር አንድ ኩንታል ማሽላ ሸጦ የሚያገኘውን ብር በነሐሴ ይዞ መርሳ ገበያ ቢወርድ፣ ከሸጠው ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ መልሶ የማይገዛበት ዓመት ጥቂት አልነበረም። በጥር ለምን ይሸጣል ቢሉ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው ዕዳዎች ቀን ስላላቸው ነው። እስከ ሐምሌ ማቆየት የሚችለው ነጋዴው ነው፤ መጋዘንም፣ ነቀዝ መከላከያም፣ ትዕግሥትም ያለው እሱ ነው። ዋጋው ሲንር ልዩነቱ የሚገባው ወደ እሱ ኪስ ነው፤ ገበሬው በነሐሴ የሚያገኘው የራሱን ማሽላ በውድ መግዛትን ነው።

በድርቅ ዓመት ደግሞ ነገሩ በሁለት በኩል ይቆርጣል። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት አያስፈልገውም። ከአፋር ቆላ ከብትና ፍየል ይወጣል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል። በደህና ዓመት አንድ ሙክት የሚገዛው እህልና በክፉ ዓመት የሚገዛው እህል አይገናኙም፤ ምክንያቱም በክፉ ዓመት ሁሉም በአንድ ቀን ሻጭ ሆኖ፣ የከሳ ከብት እየጎተተ ይመጣል፤ የእህሉ ሻጭ ግን ጥቂት ነው። ዋጋው ላይ ብቻ ዓይን መጣል ምን ያህል እንደሚያሳስት ደግሞ የወሎ የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። የ1965ቱን ረሃብ ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እንዳሳዩት፣ በዚያ ዓመት የአገሪቱ አጠቃላይ የምግብ ምርት እጅግም አልቀነሰም ነበር፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም አልወጣም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። ማሳው የከዳው ገበሬ የሚበላውንም መግዣውንም ስላጣ፣ ገበያው ሊያየው አልቻለም። ያኔ ዋጋው ሳይንር ሰው ተራበ፤ አሁን ዋጋው ንሮም ገበሬው ይከስራል። ስለዚህ ጸሐፊው የገበያ ዋጋን የገበሬው ኑሮ መለኪያ አድርገው ከመውሰዳቸው በፊት፣ ገበሬው በዚያ ዋጋ ሻጭ የሆነው ወይስ ሸማች የሆነው በየትኛው ወር እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነበር።

ስለ ከርሰ ምድር ውሃው የተጻፈው ግማሹ እውነት ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ በእርግጥ ውሃ አለው፤ በጥልቅ ጉድጓድ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲመረትበት ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ይህን የሚያደርጉ ገበሬዎች ከሌላው ተሽለው መታየታቸውንም እመሰክራለሁ። ግን ሸለቆው ወሎ አይደለም። በመቄትና በዋድላ አምባ ላይ፣ በበሽሎ ገደል አፋፍ ላይ ለሚያርሰው ሰው ይህ ውሃ ከቀይ ባሕር አይሻለውም። በሸለቆው ውስጥም ቢሆን ነዳጅ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲቋረጥ ውሃው ከመሬት በታች ይቀራል፤ ሽንኩርቱ ከሁሉም ማሳ በአንድ ሳምንት ሲደርስ ደግሞ ደላላው ዋጋውን ማሳ ዳር ቆሞ ይወስናል፤ ሽንኩርት እንደ ማሽላ ጎተራ ገብቶ ቀን አይጠብቅም። ጸሐፊው የዘነጉት፣ የራያ ገበሬ ጉድጓድ ከመቆፈሩ ከብዙ ዘመን በፊት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ማጠጣት ያውቅ እንደነበር ነው። «ዱዓ ከመቀመጥ» የምትለዋ ሐረጋቸው ቅር ያሰኘችኝም ለዚህ ነው። ዝናብ ሲቀር ሙስሊሙ ወዳጃ (የዱዓ ጉባኤ)፣ ክርስቲያኑ ምህላ መቀመጡ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ከሌላው ጋር ይቀመጣል። ግን ሌሊት ጎርፉ ሲያጉረመርም ከዚያው ወዳጃ ተነሥተው፣ መብራት ይዘው፣ አካፋና ቆመጥ ጨብጠው ጠለፋውን ሊከፍቱ ሲሮጡ አይቻቸዋለሁ። ጎርፍ ቀጠሮ የለውም፤ ያመለጠ እንደሆነ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

የመጨረሻው ክስ እርዳታ ገበሬውን አስንፎታል የሚለው ነው። ምርታማ ሴፍቲኔት የሚባለው መርሐ ግብር በ1997 ሲጀመር ጉልበት ያለው ሰው የሚከፈለው እየሠራ ነው፤ በወሎ ተራሮች ላይ የሚታየው እርከን በአብዛኛው በዚህና በነጻ የሕዝብ ጉልበት የተሠራ ነው። የሕዝብ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ የሚካሄደው ገበሬው በክረምት የራሱን ማሳ እንዲሠራ ታስቦ ነው፤ አሳቡ ትክክል ነው፤ ውጤቱ ግን ክፍያው የሚያልቀው የረሃቡ ወራት ሲጀምሩ መሆኑ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ክፍተት የሚሞላው ማን እንደሆነ ጸሐፊው ቢጠይቁ ኖሮ፣ «ጥገኛ» የሚለውን ቃል ከመጻፋቸው በፊት ያመነቱ ነበር ብዬ አምናለሁ። በእኛ ቤት የሞላችው እህቴ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ሰኔ 14 ቀን የላከችው ብር ደረሰ፤ በማግስቱ አባቴ የማዳበሪያውን ከፈለ፤ ከቀረው ላይ ሁለት ኩንታል ማሽላ ተሸመተ። በዚህ ዓመት አባቴ በማንም የዕዳ መዝገብ ላይ የለም። እሷን የወሰዳት ደላላ ግን ገና ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ አለው፤ ደብተሩ ላይ የምጽፈው አሁንም እኔ ነኝ።